ክፍሉ የሚሰማበት ካፌ፦ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ የሐሙስ ማታ የሮክ ማድመጫ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካሉት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች አንዱን ይዞ ወደ ፖስታ ቤት አቅጣጫ የሚሄድ ሰው፣ ምድር ቤቱን ልብስ ሰፊና ፎቶ ኮፒ ቤት የተከራዩትን አንድ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ያገኛል። በሕንፃው ጎን ባለው ጠባብ የእንጨት ደረጃ ሲወጣ ሃያ ወንበር እንኳ የማይሞላ ካፌ አለ። ቀን ቀን እንደ ማንኛውም የሰፈሩ ካፌ ማኪያቶና ሻይ፣ ጠዋት ደግሞ ፉልና እንቁላል ፍርፍር ይሸጣል፤ ስለዚህኛው ሥራው ብዙ የምለው የለኝም፤ ማኪያቶው ደህና ነው፣ ፍርፍሩ ዘይት ይበዛበታል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሐሙስ ማታ የሚሰጠው ሌላው አገልግሎት ነው። ባለቤቱ የቤቱ ስም በጽሑፍ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም፤ ወንበራቸው ጥቂት ስለሆነ ሥጋታቸው ይገባኛል።

ሐሙስ ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ቤቱ የሮክ ሙዚቃ ማድመጫ ይሆናል። መግቢያው 400 ብር ነው፤ አንድ ቡና ወይም ሻይ በዚያው ይታሰባል። በየሳምንቱ ስድስት ሰዎች አስቀድመው ስማቸውን በመዝገብ አስፍረው አንድ አንድ ዘፈን ያመጣሉ፤ ዘፈኑ ከክላሲክ ሮክ ወይም (ትርጉሙን ኋላ ከምገልጸው) ከኢንዲ ወገን መሆን አለበት። ዘፈኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ይደመጣል፣ በሚደመጥበት ጊዜ ማንም አይናገርም፣ ያመጣው ሰው ለምን እንደመረጠው የሚናገረውም ካለቀ በኋላ ነው፤ ለንግግሩ የሚሰጠው አምስት ደቂቃ ነው። እስከ አሁን ሰባት ሐሙስ ተገኝቻለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው የነዚያን ምሽቶች ትዝብት ነው።

መሣሪያው ዋጋው የሚያስደነግጥ አይደለም። አንድ ሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ የዱሮ አምፕሊፋየርና ቁመታቸው ከወንበር መደገፊያ የሚበልጥ ሁለት የእንጨት ሳጥን ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። ባለቤቱ፣ ወጣቶቹ ሁሉ ጋሼ የሚሏቸው፣ ዕድሜያቸውን በሬዲዮና በቴፕ ጥገና ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ የተቀደደውን የድምፅ ማጉያ ወረቀት የቀየሩት በገዛ እጃቸው ነው። ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳውም እንደ ድሮ ቤት ወፍራም ነው። ከበስተኋላ የተሰቀሉት ሁለት ወፍራም ባናዎች ለጌጥ የተቀመጡ መስለውኝ ነበር፤ ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመልሶ እንዳይጮህ የሚያፍኑ መሆናቸውን የተረዳሁት አንድ ሳምንት አንደኛው ለእጥበት ወርዶ፣ የድራሙ ሳህን በቀኝ ጆሮዬ እንደ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ባናው ተመልሶ ተሰቀለ፣ ድምፁም ልኩን ያዘ።

ይህን ትንሽ ነገር በዝርዝር ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። አብዛኞቻችን እነዚህን ዘፈኖች የምናውቃቸው ከስልክ ነው፤ በታክሲ ውስጥ፣ በአንድ ጆሮ፣ ረዳቱ መዳረሻውን እየጠራ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ። እንዲህ ሲደመጥ ዜማው ይደርሰናል፣ ግጥሙ ይደርሰናል፤ ዘፈኑ የተቀዳበት ክፍል ግን አይደርሰንም። እኔም ለሃያ ዓመት ያህል የወደድኳቸው ዘፈኖች ውስጥ ክፍል እንዳለ፣ ክፍሉም እንደ ጊታሩና እንደ ድራሙ አንድ ተጫዋች እንደሆነ ያስተዋልኩት እዚህ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ይህ ቤት ከ400 ብሩ በላይ ዋጋ አለው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ የተገኘሁበት ሐሙስ የክረምት ዝናብ ከቀትር ጀምሮ ሲወርድ የዋለበት ነበር። በሙያው የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ የሆነ ሰው የእንግሊዙን የሮክ ቡድን የሌድ ዜፔሊንን «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» አመጣ። ዘፈኑ ከጊታርና ከሃርሞኒካ በፊት በድራም ብቻ ይጀምራል፤ ያ የቡድኑ ድራመር የጆን ቦናም ድራም በዚያ ጣውላ ወለል ላይ ሲያርፍ ከእግር ወደ ላይ የሚመጣ ነገር ነበረው። ሰባት ደቂቃ ከሚሆነው ዘፈን ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። አምፕሊፋየሩ ወዲያው ጸጥ አለ፤ ሸክላው ግን በያዘው ኃይል መዞሩን አላቆመም ነበርና፣ ሁላችንም በጨለማ ጸጥ ባልንበት ቅጽበት ከመርፌው ጫፍ ዘፈኑ ራሱ፣ የትንኝ ያህል ቀጥኖ፣ ያለ ማጉያ ይሰማ ጀመር። ሃርሞኒካው እየወፈረ፣ እየዘገየ፣ በመጨረሻ እንደ ሰው ማጉረምረም ሆኖ ቆመ። ከውጭ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። መብራቱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ጋሼ መርፌውን ካቋረጠበት አልቀጠሉትም፤ ከመጀመሪያው አስጀመሩት። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

መሐንዲሱ በአምስት ደቂቃው የተናገረው ይህን ነው። ሌቪ ማለት ወንዝ ከዳርቻው እንዳይወጣ የሚሠራ የአፈር ክትር ነው፤ ዘፈኑም እ.ኤ.አ. በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ክትሮቹን በጣሰ ጊዜ ስለደረሰው ጥፋት የሚናገር የብሉዝ ዘፈን ሲሆን፣ በመጀመሪያ የቀዱት ሜምፊስ ሚኒና ካንሳስ ጆ ማኮይ በ1929 ነበር። ሌድ ዜፔሊን በ1971 በወጣው አራተኛ አልበማቸው ሲሠሩት፣ ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል፣ በአንድ ወቅት የድሆች ማደሪያ በነበረ የእንግሊዝ ገጠር ቤት ውስጥ ነበሩ። ድራሙን ከአዳራሹ ግርጌ፣ ከደረጃው ሥር አስቀመጡት፤ የድምፅ ባለሙያው አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክሮፎኖች ከደረጃው በላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለ። ድራሙ እንደዚያ ተራራ የሚያህለው ቦናም ከሌሎች ድራመሮች አጠንክሮ ስለመታ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ደረጃውን ወጥቶ፣ ግድግዳውን ነክቶ፣ ከዚያ ስለተያዘ ነው። መሐንዲሱ ይህን ሲል ስንወጣበት ወደመጣነው ደረጃ ዞር ያሉ ሰዎች አየሁ። እኔም ስወርድ አንዴ በእጄ የግድግዳውን ድምፅ ፈትሼዋለሁ።

ይህን ማብራሪያ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ብሰማው ኖሮ ሳዳምጥ ደረጃውን ስፈልግ ነበር የምውለው። ካዳመጥኩ በኋላ ስሰማው ግን፣ አስቀድሞ በእግሬ የተሰማኝ ነገር ስም አገኘ። ከመሣሪያው ቀጥሎ የቤቱ ትልቁ ብልኃት ይህ ቅደም ተከተል ይመስለኛል።

በሦስተኛው ሐሙስ የመጣው የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊ «ሂሮስ» ነበር። ያመጣችው ሴት ሁለቱንም ቅጂዎች ታውቃለች፤ ለነጠላ ሸክላ ተብሎ ወደ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያጠረውንና በአልበሙ ላይ ያለውን ከስድስት ደቂቃ የሚበልጠውን። በጥብቅ የለመነችው የአልበሙ እንዲደመጥ ነበር፤ ምክንያቷም ኋላ ሲገባን ሁላችንንም አሳመነ። ዘፈኑ የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1977 በምዕራብ በርሊን፣ ከመስኮቱ የበርሊን ግንብ በሚታይበት የሃንሳ ስቱዲዮ ነው። የቀረጻው መሪ (ፕሮዲውሰሩ) ቶኒ ቪስኮንቲ በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ማይክሮፎኖች አቆመ፤ አንዱን ከዘፋኙ አፍ አንድ ስንዝር ያህል፣ ሁለተኛውን 6 ሜትር ገደማ፣ ሦስተኛውን 15 ሜትር ገደማ አርቆ። ሁለቱ ሩቆቹ የሚከፈቱት ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብቻ እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ ቦዊ በለሆሳስ ሲጀምር ጆሯችን ሥር ነው፤ ድምፁን ሲያነሣ ግን ክፍሉ ከኋላው ይከፈታል፤ በመጨረሻ ሲጮህ አዳራሹ በሙሉ አብሮት ይጮኻል። አጭሩ ቅጂ የለሆሳሱን መጀመሪያ ስለቆረጠው፣ ክፍሉ ሲከፈት ሳይሆን ከተከፈተ በኋላ ነው የምንደርሰው። ሴትየዋ ይህን ያስረዳችው ካፌው ውስጥ ቆማ፣ መጀመሪያ አጠገባችን፣ ቀጥሎ ከባንኮኒው ጋ፣ በመጨረሻ ከበሩ ሆና አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ በመናገር ነበር። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

በዚያ ምሽት የተበላሸ ነገር አለ፤ እሱንም መጻፍ ይገባኛል። ዘፈኑ ገና በለሆሳሱ ክፍል ሳለ ከባንኮኒው በስተጀርባ የቡና መፍጫው ተነሣ። መፍጫው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሠራ፤ ያ ግማሽ ደቂቃ ግን ለዚህ ዘፈን መግቢያ በር ነው። አስተናጋጇ ከልቧ አዘነች፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም፤ ትእዛዝ የመጣው ዘፈኑ ከተጀመረ በኋላ ነውና። ጋሼ ከዘፈን በፊት ትእዛዝ ሁሉ ተሰብስቦ ዘፈኑ እስኪያልቅ መፍጫው እንዳይነካ ቢያዝዙ ይህ ችግር በአንድ ቀን ይወገዳል። ለራሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ።

ስለ ኢንዲ ልናገር። በዚህ ቤት ኢንዲ የሚለው ቃል በሚገባ ትርጉሙ ይሠራል፤ በጥቂት ጊታርና በተከፋ ድምፅ የተዘፈነ ሁሉ ኢንዲ አይባልም። ቃሉ የመጣው ራሳቸውን ችለው፣ ከትላልቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ውጭ ሥራቸውን ካሳተሙ ሰዎች ነው። በአምስተኛው ሐሙስ የአሜሪካውን ቡድን የፒክሲስን «ዌር ኢዝ ማይ ማይንድ» ያመጣ ወጣት ይህን ሲያስረዳ፣ ከማንቸስተር የመጡት ባዝኮክስ የተባሉ የሮክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1977 መጀመሪያ ላይ በብድር ገንዘብ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ራሳቸው አሳትመው መሸጣቸውን ጠቀሰ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አንሥተው፣ «ልጄ፣ ለዚህማ ማንቸስተር ድረስ መሄድ አያስፈልግህም» አሉት። ቀጥለውም የአምሐ እሸቴን ነገር አወሱ። በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ አምሐ እሸቴ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ዐዋጁን ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ እስከ 1975 ድረስም የእነ ዓለማየሁ እሸቴንና የእነ ማሕሙድ አሕመድን ሥራዎች ጨምሮ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ባዝኮክስ ብድር ከመበደራቸው ስምንት ዓመት ቀድሞ፣ ከዚህ ካፌ ብዙም ሳይርቅ፣ ይህ ተደርጓል። ወጣቱ የእሳቸውን ንግግር በመዝገቡ ጀርባ ሲጽፍ አየሁት። ደንቡ አንድ ሰው ብቻ ይናገር ይላል፤ እንዲህ ያለ ጣልቃ ገብነት ግን ቢደገም ደስ ይለኛል።

ወደ ፒክሲስ ስመለስ፣ ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1988 «ሰርፈር ሮዛ» በተባለው አልበም የወጣ፣ በድምፅ ባለሙያው በስቲቭ አልቢኒ እጅ በቦስተን የተቀዳ ነው። ከበስተጀርባ የሚሰማው የቡድኑ አባል የኪም ዲል ረጅም «ኡ» ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፤ አልቢኒ መሣሪያውን አንሥቶ የስቱዲዮው መታጠቢያ ቤት አስገብቶ ስለቀዳው ነው። ሴራሚክ የለበሰ ክፍል ውስጥ ያንጎራጎረ ሁሉ ያን ድምፅ ያውቀዋል። እዚህ ላይ የቤቱ አንድ ጉድለት ተገለጠ፦ የዚህ አልበም ሸክላ በቤቱ ስለሌለ ዘፈኑ ከወጣቱ ስልክ በሽቦ ተገናኝቶ ነበር የተጫወተው። ፋይሉ በጣም የተጨመቀ ስለነበረ ያ የመታጠቢያ ቤት ድምፅ ከጊታሩ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ የተነገረንን ያህል አልሰማነውም። ሸክላ የሌለበት ጊዜ ይኖራል፤ ማስመጣቱም ቀላል አይደለም። ቢያንስ ግን በመዝገቡ ላይ አመልካቹ በምን እንደሚያመጣው፣ ፋይል ከሆነም ያልተጨመቀ እንዲሆን የሚያሳስብ አንድ መስመር ቢታከልበት መልካም ነው።

የሮሊንግ ስቶንስን «ጊሚ ሼልተር» ያመጡት አንዲት እናት ነበሩ፤ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ በዚያ ቤት ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ አጭሩንም የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. የ1969 ነው። ከቡድኑ ዘፋኝ ከሚክ ጃገር ጋር የምትዘፍነው ሜሪ ክሌይተን በሎስ አንጀለስ ከመኝታዋ በሌሊት ተጠርታ የመጣች፣ በዚያን ጊዜም ነፍሰ ጡር የነበረች ዘፋኝ ናት። ብቻዋን በምትዘፍንበት ስፍራ፣ ወደ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ድምፅዋን እስከ መጨረሻው ጣሪያ ታደርሰዋለች፤ እዚያም ይሰነጠቃል። አንዴ ይሰነጠቃል፣ ትመለስበታለች፣ ደግሞ ይሰነጠቃል። ወዲያው ከበስተኋላ አንድ ሰው በአድናቆት «ው!» ሲል ይሰማል፤ የጃገር ድምፅ ነው። በስልክ ይህን «ው» ለዓመታት ሰምቼ የዘፈኑ አካል ነው ብዬ አልፌው ነበር። እዚህ ግን ከሴትየዋ በስተጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ የተገረመ ሰው ቆሞ እንደነበር ጆሮዬ ቦታውን ለየው። እናት የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «አስለቃሽ ስትነጥቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፅዋ የሚያምረው ሲሰበር ነው። ይህችም እንደዚያ ናት። አመሰግናለሁ።» ተቀመጡ። ከተሰጣቸው አምስት ደቂቃ አንዱን እንኳ አልጨረሱም።

የእሳቸውን ንግግር የማነሣው ተቃራኒውንም ስላየሁ ነው። በስድስተኛው ሐሙስ አንድ እንግዳ ስለ አንድ ዝነኛ ቡድን ከስልኩ እያነበበ ሩብ ሰዓት ቆየ፤ የሸክላ ሽያጭ ቁጥር፣ የሽልማት ዝርዝር፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ። ዘፈኑን ለምን እንደወደደው ግን አልነገረንም። በእሱ መርዘም ምክንያት ስድስተኛው አቅራቢ ተራው ሳይደርሰው ቀረ፤ ታክሲ እንዳያመልጠው ሸክላውን በፌስታል ጠቅልሎ ሲወርድ አዘንኩለት። አምስት ደቂቃ ከተባለ አምስት ደቂቃ መሆን አለበት። ጋሼ እንግዳን ማቋረጥ እንደሚከብዳቸው ይታያል፤ ይህ ጨዋነታቸው ግን ተራ የሚጠብቀውን ሰው ይጎዳዋል።

ዝም የማለት ደንቡ ሲፈርስ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በመፍረሱም ማንም አልተከፋም። አንዲት ወጣት የካናዳዎቹን አርኬድ ፋየር «ዌክ አፕ» አመጣች። ይህ ዘፈን እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ያለ ነው፤ አልበሙን በሚሠሩበት ወቅት አባላቱ ተከታትለው ዘመዶቻቸውን ስለቀበሩ «ፊውነራል»፣ ማለትም ቀብር ብለው ሰይመውታል። የዘፈኑ አዝማች ቃል የለውም፤ ብዙ ሰው በአንድነት «ኦ» እያለ ከፍ የሚያደርገው ዜማ ብቻ ነው። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው በመጀመሪያ በአፍንጫው ያንጎራጉር ጀመር፤ ቀጥሎ ከጎኑ ያለችው፤ በሁለተኛው ዙር አብዛኛው ሰው ይዘፍን ነበር። ጋሼ ከባንኮኒው ሆነው ዝም አሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ወጣቷ ተነሥታ፣ የአያቷ አርባ በወጣ ሳምንት መንገድ ላይ በጆሮ ማዳመጫ እንደሰማችው፣ ቋንቋው ባይገባት እንኳ ልታለቅስበት የምትችል ዘፈን በማግኘቷ ዕረፍት እንደተሰማት ነገረችን። «ብቻዬን ነበር የሰማሁት፤ ከሰው ጋር ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈልጌ ነው ያመጣሁት» አለች። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም ሳያጨበጭብ ቆየ፤ ቀጣዩ አቅራቢም ሸክላውን ለማውጣት አልቸኮለም።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው የሚጠቅመውን ልጨምር። ምሽቱ በተባለው ሰዓት አይጀምርም፤ እስከ 1 ሰዓት ድረስ መጠበቅ አለ። ቢሆንም ቀድሞ መምጣት ያዋጣል፤ ምክንያቱም የቀኙ ድምፅ ማጉያ ማዕዘን ውስጥ ስለገባ፣ በዚያ በኩል የሚቀመጥ ሰው ቤዝ ጊታሩ ያብጥበታል፣ ዘፋኙም ይሸፈንበታል። ማጉያውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ቢያወጡት ይሻል ነበር፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። ጥሩው ወንበር ከሁለተኛው መስኮት ሥር፣ ከባናዎቹ ፊት ለፊት ያለው ነው። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ በመሆኑ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ያስቸግራል፤ መደገፊያ ብረት ቢደረግለት «ጊሚ ሼልተር»ን ያመጡት እናት ልጃቸውን ተደግፈው መውጣት ባላስፈለጋቸው ነበር። ከ3 ሰዓት በኋላ ታክሲ የሚገኘው ለገሃር ወርዶ ነው።

እኔም በመዝገቡ ስሜን አስፍሬያለሁ፤ ተራዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የማቀርበው ቴሌቪዥን የተባለው የሮክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣውን «ማርኪ ሙን» ሲሆን፣ ጋሼ ሸክላው እንዳላቸው ነግረውኛል። በሸክላው ላይ ዘፈኑ አሥር ደቂቃ ሊሞላ ሲል ድምፁ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ ኋላ በሲዲ ሲታተም ግን ሳይደበዝዝ እስከ እውነተኛው መጨረሻው ተለቅቋል። እኔ የማውቀው የሲዲውን ብቻ ነው። ሸክላውን ካደመጥን በኋላ ከአምስቱ ደቂቃዬ ቀንሼ ያንን የቀረውን መጨረሻ ላሰማ እንደሆነ ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር፤ ትንሽ አሰቡና፣ «አምጣው፤ መፍጫውን እኔው ራሴ ነቅዬ እጠብቅሃለሁ» አሉኝ።